ሳይሸኝ የሄደ ጽዋ

የካቲት 22 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ ቅዳሜ ማታ

ለክቡር ባልንጀራዬ ለመምህር ደበሳይ፦ ዐይናቸውን ጨፍነው የአህጉራትን ዳርቻ በጠመኔ ለሚነድፉት፣ እኔ ታሪክን እርሳቸው ጂኦግራፊን ይዘን በአንድ የመምህራን ክፍል ውስጥ ዕድሜያችንን በክርክር ስንፈጅ አንድም ቀን ድምፃቸውን ከፍ ላላደረጉት፣ ታስረው ላላጎነበሱት፣ ተፈትተውም ላልተመጻደቁት፣ በቸርነት፣ በትዕግሥትና ሻይ ላይ ስኳር በማብዛት በመላው ፒያሳ ወደር ለማይገኝላቸው ሰው፣ ከእኔ ከአባይነህ የከበረ ሰላምታ ይድረስ።

ሰላምታው ወዴት እንደሚደርስ ግን አላውቅም። ዛሬ ከዘጠኝ ሰዓት ጀምሮ በአዳነች ሻይ ቤት፣ ከባንኮኒው አጠገብ ባለችው ጠረጴዛችን ተቀምጬ ብጠብቅዎት ሳይመጡ ቀሩ። ከገላን ድረስ ሁለት ታክሲ ቀይረው ቅዳሜን ሳያጓድሉ ሲመጡ የኖሩ ሰው፣ ሰፈራችን ፈርሶ ወደዚያ ከሄዱ ወዲህ ዛሬ የመጀመሪያ ቀሪዎ ነው። የምናገረውን የሚሰማኝ ስላጣሁ ለዚህ ደብተር ልነግረው ተገደድኩ። ከወጣትነታችን ጀምሮ አንተ ስንባባል የኖርን ብንሆንም፣ ቅሬታ በገባ ቁጥር እርስዎ መባባል በመካከላችን የቆየ ሥርዓት ነውና፣ እስኪመጡ ድረስ እርስዎ እልዎታለሁ።

ነገሩ እንዳይጣመም የትናንቱን እንደሆነው ልጻፍ። የእመቤታችን ማኅበር ተራው የእኔ ነበር። ቄሱ ባርከው፣ ንፍሮው ታድሎ፣ ጠላው ተቀድቶ፣ ሁሉም በሰላም ሳለ፣ ማኅበራችንን በሙሴነት የሚመራው የማነ «ለመሆኑ መምህር፣ ይህ አዲሱ የአሜሪካ መንግሥት ለነፃነትና ለመብት ብሎ በየአገሩ ይረጨው የነበረውን ገንዘብ አልሰጥም ማለቱን እንዴት ያዩታል?» ብሎ ጠየቀኝ። እኔም ያለ ምንም ዝግጅት ጥቂት ቃል ተናገርኩ። ያልኩትም ይህ ነው፦ አንድ መንግሥት የሌላውን አገር ሕዝብ ነፃነት በአደራ ተቀብያለሁ እያለ ለዓመታት ሲሰብክ ኖሮ፣ ቤተ መንግሥቱን ሌላ ፓርቲ በያዘ ማግስት አደራው የሚሻር ከሆነ፣ ያ ቀድሞውንም አደራ ሳይሆን የሁለት ፓርቲዎች የቤት ውስጥ ጠብ ኖሮ እኛ ደጅ ላይ ቆመን ስንታመስበት ነበርና፣ በዚያ ገንዘብ የቆሙት ቢሮዎች በራቸው መዘጋቱ ለእኔ እፎይታ እንጂ ኀዘን አይደለም።

ይህን ብዬ ቀና ስል ወንበርዎ ባዶ ነበር። የሚቀጥለው ወር ተረኛ ስለሆኑ ጽዋውን አንሥተው ሄደዋል። ያለ ስንብት! ባለቤቱን «ቤት ያፍራ» ሳይሉ፣ «ደህና እደሩ» እንኳ ሳይሉ! ሐሳቤን የማይቀበል ሰው ተነሥቶ ይቃወመኛል እንጂ ተነሥቶ ይወጣል እንዴ?

የካቲት 25፣ ማክሰኞ

በችኮላ። ልጄ እንቁ ወደ አትክልት ተራ ልትሄድ ቆማ ትጠብቀኛለች።

ስልክ አያነሡም። ሁለት ጊዜ ደወልኩ። ለሦስተኛው ክብሬ አልፈቀደልኝም።

ልጅዎ ፍትዊም ጠፍቷል። የክርስትና አባቱን እንዲህ የሚረሳ ልጅ አልነበረም። ከማኅበሩ በፊት ባለው ማክሰኞ መጥቶ «አባባ፣ አንድ ነገር ልነግርዎት ነበር» ብሎኝ ነበር። የማኅበሩን ንግግሬን እያረምኩ ስለነበር «ከማኅበሩ በኋላ ና» አልኩት። ከማኅበሩ በኋላም አልመጣ። የዘንድሮ ልጅ ቀጠሮ አያውቅም።

የካቲት 29፣ ቅዳሜ ማታ

ዛሬም ቀሩ። አዳነች እንደ ልማዷ ሁለት ሻይ አቀረበች፤ የእርስዎ ብርጭቆ ከነስኳሩ ቀዘቀዘ።

እርስዎ በሌሉበት ሻይ ቤቱ ለሁለት ተከፍሏል፤ ትዕግሥቴንም አሟጦታል። የማነ በእርስዎ በኩል ቆሞ፣ «መምህር ደበሳይ ልክ ናቸው፤ ከውጭ ሆኖ የሚጮህልን ከጠፋ ከውስጥ የሚጮኸውን ማን ይሰማዋል?» ይላል። ሰዓት ሠሪው ሲራጅ በእኔ በኩል መሆኑ ነው፣ ከወንበሩ ሳይነሣ «ይጮሁልናል እንጂ! ጮኸው ሲጨርሱ ሒሳቡን ያመጣሉ» ብሎ ሰውን በሳቅ ያፈርሳል። እንዲህ ያለ ደጋፊ ከተቃዋሚ ይከፋል፤ በጥንቃቄ ያቆምኩትን ሐሳብ ወስዶ ቀልድ አደረገብኝ። አንዱ የዚያኛውን ፓርቲ፣ ሌላው የዚህኛውን ይዞ፣ ባሕር አቋርጦ የማያውቅ ሰው ሁሉ የባሕር ማዶን ምክር ቤት እንደ ጊዮርጊስና እንደ ቡና ጨዋታ ይደግፋል። ጩኸቱ ሲበዛ አዳነች መጥረጊያዋን ባንኮኒው ላይ ወርውራ፦

«እኔ እምለው ጋሽ አባይነህ፣ እናንተ የምርጫ ካርድ ያወጣችሁት የት ወረዳ ነው? እዚህ ስብሰባ ሲጠራ አንዱ እግሩን ያመዋል፣ አንዱ ጆሮውን። ለአሜሪካ ሲሆን ግን ፒያሳ ተከፍላ አረፈች!»

«አዳነች፣ ይህ የመርህ ጉዳይ ነው» አልኳት።

«መርሁ ሻይ ይጠጣል? የጋሽ ደበሳይን ቀዝቃዛ ሻይ ማን ሊጠጣው ነው?»

ባለሙያ ላልሆነ ሰው የውጭ ጉዳይ ፖሊሲ ማስረዳት አድካሚ ነው።

የእርስዎን መልስ ደግሞ አውቀዋለሁ። ቢመጡ ኖሮ የብርጭቆውን ማስቀመጫ በጣትዎ እያሽከረከሩ፣ «አባይነህ፣ ሰዎቹ ግብዞች መሆናቸውን እኔም አላጣሁትም፤ ግን ግብዝ በከፈተው በር የወጣ እስረኛ ተመልሶ ይግባ ነው የምትለው?» ይሉኝ ነበር። እኔም፣ ሰው በልመና የሚያገኘው ነፃነት ለማኙን ሲያኮርፉት አብሮ የሚነጠቅ መሆኑን፣ አባቶቻችን በጄኔቭ አዳራሽ ደጅ ጠንተው ምን ይዘው እንደተመለሱ፣ ፍትሕን ከውጭ እንደሚመጣ ዕቃ የሚጠብቅ ሕዝብ በቤቱ መሥራቱን እንደሚረሳ አንድ በአንድ አስረዳዎት ነበር። እርስዎም መልስ ያጡ ነበር። ክርክሩን አሸንፌ፣ ሻዬን ብቻዬን ጠጥቼ ወጣሁ።

መጋቢት 3፣ ረቡዕ

እንቁ ዛሬ ሽንኩርት እየላጠች፣ ቀና ሳትል፦

«አባዬ፣ ፍትዊ እኮ ከሥራ ወጥቷል። ቢሯቸው ተዘጋ።»

«የትኛው ቢሮ?»

«የትኛው ይሆናል? በእፎይታ የሸኘኸው!»

ደንግጬ አይደለም የተቀመጥኩት፤ ጉልበቴን ስላመመኝ ነው። ማን ነገረኝ? በማን አፍ ሰማሁ? የፍትዊ መሥሪያ ቤት ከዚያ ገንዘብ እንደሚቆረስለት በግንባሩ ላይ ተጽፎ አላየሁም። አራት ዓመት ሲሠራ «መብት ነክ» መሆኑን ብቻ ነበር የማውቀው። ደግሞስ እኔ ስለ ፖሊሲ ስናገር ስለ ሰው መናገሬ አልነበረም፤ ሰው ይህን መለየት ካቃተው የኔ ጥፋት አይደለም።

እንቁ ይህን ሁሉ ሰምታ ስታበቃ «እሺ አባዬ» አለችኝ። ይህች «እሺ» ከእናቷ የወረሰቻት ናት፤ በሕይወቴ የተሸነፍኩት በእርሷ ብቻ ነው።

መጋቢት 7፣ እሑድ ማታ

ሬዲዮኔ ተበላሽቷል። ከአሜሪካ የሚመጣውን የምሽቱን የአማርኛ ዜና ልሰማ ብከፍት ትናንትም ዛሬም ሙዚቃ ብቻ። ባትሪ ለወጥኩ። አንቴናውን በመስኮት አወጣሁ። የተቃራኒውን ሕንፃ ሲቆፍሩ የኤሌክትሪክ ገመዱን ነክተውት ይሆናል። እንቁ ዕቃ ስታጸዳ ሞገዱን አዛውራብኝ ሊሆንም ይችላል፤ ነግሬያታለሁ፣ በዚያ ሬዲዮ ላይ እጅ እንዳይነሣ። አራት መሪ ሲለዋወጥ ያ ቁልፍ ከቦታው ተንቀሳቅሶ አያውቅም።

መጋቢት 9፣ ማክሰኞ ማታ

ሬዲዮኔ ደህና ነው። ጣቢያው ነው የሌለው።

እንቁ ከስልኳ አነበበችልኝ። ያው አዲሱ የአሜሪካ መንግሥት ነፃነትን ለውጭ አገር ሰው ማስተማር የእኛ ሥራ አይደለም ብሎ ጋዜጠኞቹን ወደየቤታቸው ልኳቸዋል። «ታዲያ ደስ አይልህም አባዬ? አንተው ያልከው ነው» አለችኝ።

በጭራሽ አንድ አይደለም! ዜና ሌላ ነው፣ ስብከት ሌላ ነው። አንድ ጣቢያ በአድማጭ ቤት ውስጥ ይህን ያህል ዘመን ኖሮ፣ ቤተኛ ሆኖ፣ የእራት ሰዓት ሆኖ ሲያበቃ፣ የሩቅ አገር ሰዎች በሩቅ አገር ምርጫ ስለተሸናነፉ ብቻ በአራዳ ያለ ሽማግሌ በምሽት ዝም የሚባልበት ምክንያት ምንድን ነው? ማንን አስፈቅደው ጀመሩ? ማንን ጠይቀው አቆሙ? ይህን ለመናገር አብሮኝ የሚቀመጥ ሰው ስፈልግ እርስዎ ታወሱኝ፤ ከዚያም እርስዎ ይህንኑ ዐረፍተ ነገር ለእኔ ሲነግሩኝ እንደኖሩ ታወሰኝና ተናደድኩ።

ያስታውሱ እንደሆን፣ እርስዎ በታሰሩበት ዘመን፣ ያሉበት ጠፍቶ እናትዎ በየእስር ቤቱ በር ምግብ ይዘው ሲንከራተቱና «እዚህ የለም» ሲባሉ፣ እኔ በዚሁ ሬዲዮ ላይ ብርድ ልብስ ተከናንቤ፣ ጆሮዬን ከድምፅ ማጉያው አጣብቄ ሳለሁ ነው የታሰሩ መምህራን ስም ተነቦ የእርስዎን የሰማሁት። ጎህ ሲቀድ በዚያው በፈረሰው ሰፈራችን በዶሮ ማነቂያ ወደ ቤታችሁ ሮጬ ለእናትዎ «አለ! በሕይወት አለ!» ብዬ የነገርኳቸው እኔ ነኝ። እርስዎ ያ ንባብ ነው ያስፈታኝ ይላሉ፤ እኔ አጋጣሚ ነው እላለሁ። በዚህ ላይ ስንከራከር አረጀን።

ይህን ያነሣሁት የሬዲዮውን ጉዳይ ለማብራራት እንጂ ለሌላ አይደለም።

መጋቢት 12፣ ዓርብ

የማነ ከቅዳሴ ሲመለስ ገባ። አልቀመጥም ብሎ በሩ ላይ ቆመ።

«መምህር ደበሳይ ጽዋውን ሊመልሱ ነው» አለኝ።

«እንዴት ይመልሳሉ? ተረኛ ናቸው እኮ!»

«‹ቤቴ ሩቅ ነው፣ ሰው አይመጣም፣ ተራዬን ለሌላ ስጡልኝ› አሉኝ። ለማን ልስጠው መምህር? ሰፈሩ ከፈረሰ ወዲህ ማኅበርተኛው በየአቅጣጫው ተበትኗል፤ ሁሉም ሩቅ ነው። እርሳቸው ከተዉት ‹እኔስ ምን አስጨነቀኝ› የማይል የለም። ጽዋው እኔ ቤት ቁም ሣጥን ላይ ተቀምጦ ይቀራል።»

ተቆጣሁ። ሐሳብ በሐሳብ ይመለሳል እንጂ በሐሳብ ተቀይሞ የእመቤታችንን ጽዋ መመለስ ከአንድ አስተማሪ የማይጠበቅ መሆኑን ማስረዳት ጀመርኩ። የማነ ግን አቋረጠኝ፤ አቋርጦኝ አያውቅም ነበር።

«መምህር፣ ያን ዕለት ማን ሸኛቸው?»

«እኔ ምን ዐውቄ? እየተናገርኩ ነበር።»

«ሸኚው እኮ ባለቤቱ ነው። ጽዋው የወጣበት ቤት ነው የሚሸኘው።»

ይህን ሊነግረኝ? ለእኔ? በዶሮ ማነቂያ ሳለን በስንቱ ጭቃ ጧፍ አብርተን፣ እየዘመርን፣ እኔ መሶቡን እርስዎ ጽዋውን ይዘው ከደጅ ወደ ደጅ ተሸኛኝተናል!

«ታዲያ ሌላው ማኅበርተኛ ለምን አልተነሣም?» አልኩት።

«እርስዎ ሲናገሩ ማን ይነሣል? እርሳቸው ጽዋውን ይዘው በሩ ላይ ብዙ ቆሙ፤ እርስዎ እስኪጨርሱ ነበር የጠበቁት። እርስዎ አልጨረሱም፤ እርሳቸው ሄዱ። በኋላ በስልክ እየሳቁ ነገሩኝ። በሚኒባስ ጽዋውን በነጠላቸው ሸፍነው ጭናቸው ላይ፣ የዳቦውን መሶብ አጠገባቸው አስቀምጠው ሲሄዱ ረዳቱ ‹አባት፣ መሶቡ ወንበር ይዟል፣ የእሱንም ሒሳብ ይክፈሉ› አላቸው። ከፈሉለት። ‹ማኅበርተኛ አጅቦኝ ነው የሄድኩት፣ መሶቤ› አሉኝ።»

የማነ ስቆ ሊያስቀኝ ፈለገ። አልሳቅኩም።

እስክጨርስ ነበር የጠበቁት።

መጋቢት 13

ምንም አልተጻፈም። ቅዳሜ ነው። ሻይ ቤት አልሄድኩም።

መጋቢት 15፣ ሰኞ ማታ

ዛሬ ቴዎድሮስ አደባባይ የታክሲ ሰልፍ ላይ ፍትዊን አገኘሁት። ክራባት አስሯል፤ ሥራ ሊጠይቅ መሄዱ ነው። ጎንበስ ብሎ ትከሻዬን ሳመኝ፤ እንደ ድሮው።

«ቢሮህ መዘጋቱን ለምን አልነገርከኝም?» አልኩት፣ ከሰላምታዬ አስቀድሜ።

«ልነግርዎት መጥቼ ነበር አባባ።»

ሰልፉ ጥቂት ተራመደ። እኛም ተራመድን።

«ለመሆኑ ምን ነበር የምትሠሩት?»

«የፍርድ ቤት ዜና ለሚዘግቡ ልጆች ሕግ እናስተምራለን። ሰው ሲታሰር ደግሞ ስሙንና ያለበትን ቦታ አጣርተን እናወጣለን። ቤተሰብ በየበሩ እንዳይንከራተት።»

«ስም ታነባላችሁ?»

«እናወጣለን። አዎ፣ እንደማንበብ ነው።»

ምን ልል እንደሚገባኝ ዐውቃለሁ፤ ያልኩት ግን ይህን ነው፦ «ታዲያ ፈረንጅ ሲያኮርፍ እንዲህ በአንድ ቀን የሚዘጋ ነገር አይደለም ወይ? ከጅምሩ በራሳችን እግር ቢቆም ኖሮ!»

«በዚህስ ልክ ነዎት» አለኝ ልጁ። «አባዬም የሚለው ይህንኑ ነው። ‹አባይነህ ልክ ነው፣ የሰው ክራንች የያዘ ሰው ባለቤቱ ሲነጥቀው ይወድቃል› ይላል።»

«እንዲህ ይላሉ? ደበሳይ?»

«ሁልጊዜ። እኔ ነኝ የምከራከረው።»

«እና እኔን የተቀየሙኝ በምንድን ነው?»

ፍትዊ ታክሲው በር ላይ አንድ እግሩን አስገብቶ ዞር አለ። «እሱን ራሱን ቢጠይቁት ይሻላል አባባ። ረጅም አይደለም፣ አንድ ነገር ነው።» ረዳቱ «ግቡ ግቡ፣ ወሬውን ለነገ!» እያለ ገፋው፣ ሄደ።

ልክ ነው ይላሉ! እኔ ግን ለሦስት ሳምንት የእርስዎን መከራከሪያ እየፈጠርኩ፣ እየመለስኩ፣ እያሸነፍኩ ነበር። ከማን ጋር ነበር የምከራከረው?

መጋቢት 18፣ ሐሙስ ማታ

ባልንጀራዬ ሆይ፣ በመሠረተ ሐሳቡ ላይ አቋሜ አልተናወጠም፤ የአንድ አገር መንግሥት ነፃነትን በውጭ ጉዳይ ፖሊሲው ተሸክሞ በየአህጉሩ ሲዞር፣ ዓላማውን ከጥቅሙ፣ ጥቅሙን ከፓርቲው፣ ፓርቲውን ከሚቀጥለው ምርጫ ለይቶ ማየት የሚቻልበት ሚዛን እስካልተገኘ ድረስ፣ እንዲሁም በአንጻሩ፣ በጨለማ ያለ ሰው ስሙ ተነቦ

እዚህ ላይ እንቁ ገብታ «አባዬ፣ ለማን ነው ይህ ሁሉ?» አለችኝ። ለደበሳይ አልኳት። «እሱ እኮ እስክትጨርስ ቆሞ ነው የሚጠብቅህ» አለችኝ። ዐረፍተ ነገሩን እንዲሁ ተውኩት። ይቅር፤ ሳይጨረስ ይቅር።

ነገ ፍትዊን ጠርቼ ደብተሩን እልክልሃለሁ። ሁሉን ማንበብ የለብህም፤ ረጅም ነው። ሁልጊዜም ረጅም ነኝ። ከዚህ በላይ ያለውን ዝለለውና ይህችን ብቻ አንብብ።

እሑድ ማኅበሩ አንተ ቤት፣ ገላን ነው። ተራህን ለሌላ እንዳይሰጥ ሙሴውን የማነን ለምኜው ለሁሉም ደውሏል፤ ሲራጅ እንኳ ማኅበርተኛ ባይሆን «መንገዱን እኔ አውቀዋለሁ፣ እመራችኋለሁ» ብሏል። ጽዋው ግን ከእኔ ቤት በወጉ አልወጣም። ከሁለቱ ታክሲ በአንዱም እኔ አልተሳፈርኩም። ጧፉን ገዝቻለሁ። መሶቡ ወንበር ከያዘም ሒሳቡ የእኔ ነው። በመንገድ ላይ አልናገርም፤ ወይም አንተ እስክትጠይቀኝ አልናገርም።

ደበሳይ፣ ቅዳሜ መጋቢት 20 ከቀኑ በስምንት ሰዓት ጽዋውን ይዘህ ቤቴ ና፤ እስከ በርህ ልሸኝህ።